መረቡ ሥር አብራኝ የምትዘለው ልጅ

ትናንት ከሥራ ስመለስ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሠፈር መንገድ ዳር የቡና ገለፈት የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር፤ ካፊያው አርሶት ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታው ሲነሳ፣ ዣንጥላዬን እንደዘረጋሁ ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ። ተማሪ ቤት ሳለን የመረብ ኳስ ሜዳችን መስመር የሚሰመረው በዚሁ ገለፈት ነበር። ኖራ ስላልነበረ የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ታደለ ከቡና መፈልፈያው በጆንያ ያስመጡና ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየዘገኑ ይረጩታል፤ ዝናብ ሲጥል መስመሩ ወደ ቁልቁለቱ ስለሚንሸራተት፣ ጠባቡን ወገን ለመያዝ ከተጋጣሚዎቻችን ጋር እንሻማ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ነበርን። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ከከተማ ከተማ ስንዛወር ኖረን፣ ጅማ ስንደርስ እኔ ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት እንኳ የሚያስጨንቀኝ ልጅ ሆኜ ነበር። ቲቸር ታደለ ቁመቴን ብቻ አይተው መረቡ ሥር አቆሙኝ፤ ከጎኔ የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ ጎረቤታችንን ሰሚራን አቆሟት። እሷ በኦሮምኛ “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ” ብላ ትቆጥራለች፣ ሦስት ላይ እኩል እንዘላለን፤ እግራችን መሬት እስኪነካ ድረስ ባለው በዚያ አፍታ ብቸኝነቴን እረሳው ነበር።

ቲቸር ታደለ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ኳስ ነክቷት የወጣባት ልጅ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ታነሳለች። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሌላው ክፍል ጋር ገጠምን፤ ያሸነፈው ቡድን አጋሮ ሄዶ ሊጫወት ነው። ያለ ወላጅ ከጅማ ወጥተን ስለማናውቅ፣ ስለ አጋሮ ጉዞ ስናወራ ሰንብተናል። ተጋጣሚዎቻችን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራቸው የመቷት ኳስ በእኔና በሰሚራ እጆች መካከል ሾልካ ከመስመሩ ውጭ ወደቀች። ዳኛው ማንንም አልነካችም ብለው ነጥቡን ለእኛ ሰጡ። የግራ እጄን ትንሿን ጣት ነክታኝ እንዳለፈች አውቃለሁ፤ እጄ ግን አልተነሳም። የተነሳው የሰሚራ ነበር፤ ተሸነፍን።

“ማሎ፣ እባክሽ ሰሚራ፣ ማን ጠየቀሽ?” አለቻት አንዷ። “ዳኛው እንኳ ሳያዩ!”

ወደ ቤት ስንሄድ ሰሚራ፣ “ወላሂ፣ አንዳችንን እንደነካ ሰምቻለሁ፤ የማናችንን እጅ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። አንቺን ነው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“እኔን አልነካኝም” አልኳት።

“እንግዲያው እኔን ነው” አለች፣ ጣቶቿን እያገላበጠች።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ “አጋሮ” ብለው ይጠሯት ጀመር፤ “አጋሮ፣ ደብተርሽን አምጪ”፣ “አጋሮ፣ መኪናው ሄደ እኮ”። መጀመሪያ አብራቸው ትስቅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ኳስ ሲመጣ እጇን መሰብሰብ ጀመረች፣ ሦስት ሳትል መዝለል ጀመረች፣ በመጨረሻም ልምምድ መምጣቱን ተወችው። ክረምቱን ቤተሰቧ ከጅማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ ሰርቦ ከተማ ተዛወረ። እኔ ዩኒቨርሲቲም ድረስ ተጫወትኩ፤ ትከሻዬ ቀና አለ፣ ወድቆ መነሳትን ለመድኩ፣ ስፖርት ልጅን ያንጻል ሲባል ሰውነቴ ምስክር ነው። ከጎኔ የቆሙት ልጆች ግን በየዓመቱ ይለዋወጡ ነበር፣ ቁጥሩንም በልቤ ብቻዬን እቆጥር ነበር።

አምና ለሥራ ሰርቦ ሄጄ ሰሚራን ሱቋ ውስጥ አገኘኋት። አገላብጣ ሳመችኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን፣ እንደ እናቷ ለዕድሜዋ ረዘም ያለች ልጇንም አስተዋወቀችኝ።

“አስተማሪዋ ኳስ ካልተጫወተች ይለኛል፤ እምቢ አልኩ” አለችኝ። “እኔ እንደሆንኩ ለኳስ አልተፈጠርኩም፤ ታስታውሺ የለ? እሷም እንደኔ መሳቂያ እንዳትሆን።”

“ከሁላችንም ጎበዟ አንቺ ነበርሽ” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ፣ ድሮም ሰው ማስቀየም አታውቂበትም” ብላ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ የምጨምረው ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ግን የጅማ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሰናበትኳቸው።