ወደ ግራ የምታደላው ዘፋኝ

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር የተከራየነው ቤት ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ግን ሁለቱ ጎኖቹ አይመሳሰሉም። በግራ በኩል ድፍን ግድግዳ አለ፤ በቀኝ በኩል በር የሌለው ሰፊ መተላለፊያ ወደ ኩሽና ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ስንኖርበት ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ልብ ያልኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠቅልሎ ወደ ውጭ ሲሄድ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮችንና አምፕሊፋየራቸውን ትቶልኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ከእሱ ጋር የምንሠራው አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት ቢሮ ነበር። ዕቃውን መኪና ላይ ስንጭን፣ ስለ አጠቃቀሙ ብዙ አላስረዳኝም። “በትክክል ካስቀመጥካቸው ዘፋኟ ከግራም ከቀኝም አትመጣም” አለኝ። “መሃል ላይ፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ቆማ ትዘፍንልሃለች።”

ነገሩ እንግዳ ሆነብኝ። ወላጆቼ የሀርጌሳ ሰዎች ቢሆኑም እኔ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ሙዚቃ የማውቀውም ከሚኒባስ ውስጥ፣ ከሱቅ በር ላይና ከሠርግ ድንኳን ነው። ያ ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ እየጮኸ የሚመጣ ድምፅ ነው። ባዶ ቦታ ላይ የምትቆም ዘፋኝ ምን እንደምትመስል ለማወቅ ጓጓሁ።

በመጀመሪያው ጁምዓ ሰግጄ እንደተመለስኩ ስፒከሮቹን በግራና በቀኝ አቆምኳቸውና ፊት ለፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የመረጥኩት ኡድ በሚባለው የክር መሣሪያ ብቻ የታጀበ የቆየ የሶማሊኛ ዘፈን ነው። ዘፈኑ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ስለሆነ ከሁለቱም ስፒከሮች የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኟ መሃል ላይ መገኘት ነበረባት። አልተገኘችም። ወደ ግራ ፈቀቅ ብላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር የምትዘፍነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሽቦውን ነው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሬ ሰካሁት። ዘፋኟ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ስፒከሮቹን ራሳቸውን ለማቀያየር ፈለግኩ፤ ለብቻዬ የሚነሱ ስላልሆኑ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷ የሐረር ልጅ ናት፤ እዚሁ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ውጭ በሶማሊኛ ብንውልም ቤት ስንገባ አማርኛችን ይመጣል። ስፒከሮቹን አንስተን ቦታ አለዋወጥናቸው። አሁንም ድምፁ ወደ ግራ ነው።

“ሽቦውም ተቀየረ፣ ስፒከሩም ተቀየረ” አለች ባለቤቴ፣ ለተማሪ እንደምታስረዳ እየተረጋጋች። “ያልተቀየረው ቤቱ ነው። እንግዲህ ከቤቱ ነው።”

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁለታችን ሆነ። ሜትር አመጣችና እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ስንለካ የግራው ስፒከር ግድግዳው ሥር ተሸጉጦ ተገኘ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ወደ እኔ ይመለሳል። የቀኙ ስፒከር ድምፅ ግን የሚመልሰው ነገር ስለሌለ መተላለፊያውን ይዞ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ለማየት ተነስቼ ተከተልኩት። ኩሽና ስደርስ ዘፋኟ እዚያ ነበረች፤ በድስቶቹ መካከል፣ ሳሎን ካለችው ይልቅ ጥርት ብላ። ባለቤቴም መጥታ አጠገቤ ቆመችና ሁለታችንም የኩሽናውን ግድግዳ እያየን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው። መተላለፊያው ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። የግራው ግድግዳ ድምፅ እንዳይመልስ ደግሞ ሌላ ምንጣፍ ቸነከርኩበት፤ ይህን ባለቤቴ አልወደደችውም። ጎረቤታችን ለሰላምታ ገብታ ምንጣፉን በስንት እንደምንሸጠው ስትጠይቀን፣ ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች።

በመጨረሻ ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጭኜ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ስልኩን አስቀምጬ ስፒከሮቹን በየተራ አስጮህኩ። ሁለቱም እኩል ሆኑ። ደስ ብሎኝ ዘፈኑን ከፈትኩ። ዘፋኟ ከግድግዳው ርቃለች፤ ግን መሃል አልደረሰችም።

ባለቤቴን በእኔ ቦታ አስቀምጬ ዓይኗን ጨፍና ዘፋኟ ያለችበትን በጣቷ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። ቀጥታ ወደ መሃል ጠቆመች። ተነሳችና እኔ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠቆምኩ። ስገልጥ ጣቴ የግራውን ስፒከር ለመንካት ጥቂት ነበር የቀረው። የቀለድኩባት መሰላት። ወላሂ እየቀለድኩ አይደለም አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ከሥራ ስመለስ አንዱን ስፒከር ትንሽ አዞራለሁ፣ የምቀመጥበትን ትራስ እገፋለሁ፣ እንደገና እሰማለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ እየሄደ ሳለ ባለቤቴ ከኋላዬ ካለው የውጭ በር ሆና የውኃ ቦቴው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተነስቼ ወደ እሷ ዞርኩ። ጀርባዬን ለስፒከሮቹ ሰጥቼ እየመለስኩላት ሳለ ንግግሬን አቋረጥኩ። ዘፋኟ አሁንም በግራዬ ናት። ግን እኔ ዞሬአለሁ፤ አሁን በግራዬ ያለው መተላለፊያው ነው። ማድላቱ ከክፍሉ ቢሆን ኖሮ ድምፁ እዚያው በግድግዳው በኩል እንዳለ፣ በቀኜ መሰማት ነበረበት። እሷ ግን አብራኝ ዞራለች። ወደ ፊት ዞርኩ፤ በግራ። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ በግራ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ስዞር ታየኛለች።

“ቤቱ አይደለም” አልኳት። “እኔ ነኝ።”

ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር የጆሮ ሐኪም አለች ተባልንና ሄድን። ሐኪሟ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋልኝ፣ ቀጭን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንድነግራት አዘዘችኝ። ከዚያ ጆሮዎቼን በመብራት ተመለከተች። የቀኙ ከግራው እንደሚደክም ነገረችኝ። እኔ ወዲያው ሥራዬን አነሳሁ፤ ከአውሮፕላን ሞተር አጠገብ መዋሉ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሁለቱንም ጆሮ ነው፣ የአንተ ግን የቀኙ ታምቡር ላይ የቆየ ጠባሳ አለ አለች። በልጅነቴ ጆሮዬን ታምሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ትዝ አይለኝም አልኳት። እንግዲያው የሚያስታውስ ሰው ጠይቅ ብላ፣ ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር እንደሌለውና በየጊዜው እየመጣሁ እንዳሳያት ነግራኝ አሰናበተችኝ።

ቤት እንደደረስኩ ድሬዳዋ ወዳለችው እናቴ ደወልኩ። እንዳትደነግጥ ነገሩን ከሩቁ ነው የጀመርኩት፤ ስለ ጆሮ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር አልኳት።

“ቀኙን ነው?” አለችኝ።

የትኛው እንደሆነ ገና አልነገርኳትም ነበር። መራመድ ሳልጀምር አንድ ክረምት ሙሉ ጆሮዬ ሲመግል ከርሞ እንደዳነ አጫወተችኝ። “ከዚያ ወዲያ ከየትም ብጠራህ በግራህ ነበር የምትዞረው” አለች። “የልጅ አመል ነው ብዬ ተውኩት። ደህና ነህ አይደል ልጄ?” አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አልኳት። ስለ ስፒከሮቹም ነገርኳት፤ ይህን ሁሉ ያወቅኩት በዘፈን መሆኑን ስትሰማ ሳቀች።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ምንጣፉን እያየች ነበር።

“እኔ እኮ ሁልጊዜ በግራህ ነው የምሄደው” አለች።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። በተጋባን ሰሞን በቀኜ ሆና ስታወራኝ መልስ እንደማልሰጣት ነገረችኝ። መጀመሪያ ያኮረፍኩ መስሏት ነበር። ቀጥላ ደግሞ መንገድ ላይ ሐሳብ የሚወስደው ሰው ነው ብላ ደመደመች። አንድ ቀን ከሚመጣ ባጃጅ ስትሸሽ በግራዬ ገባችና ማውራት ጀመርን። ከዚያ ወዲህ እግሯ ራሱ ወደዚያ ይወስዳታል፤ ለምን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ያዝናል ብላ ሳትፈራ አልቀረችም፤ እኔ ግን ገረመኝ እንጂ አላዘንኩም። ስንት ዓመት የኖርኩበትን ገላ እንደ አዲስ መመርመር ጀመርኩ። ስልክ በየትኛው ጆሮዬ እንደማነሳ አየሁ፤ በግራ ነው። ሻይ ቤት ስገባ ለምን አግዳሚው ቀኝ ጫፍ ላይ እንደምቀመጥ ገባኝ፤ ሰው ሁሉ በግራዬ እንዲሆን ነው። ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ፣ እኔም ሳላውቀው ሳደርገው ኖሬአለሁ።

አምፕሊፋየሩ ላይ ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያመዝን ትንሽ ማዞሪያ አለ። ነገሩ እኔ መሆኔን ካወቅኩ በኋላ በሚቀጥለው ጁምዓ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩና ባለቤቴ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ እንድታዞረው ጠየቅኳት። ዘፋኟ መንቀሳቀስ ጀመረች። ከግራ ተነስታ በዝግታ መጣችና፣ ምንም ከሌለበት፣ ባዶው ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመች። ኡዱ ከደረቷ ዝቅ ብሎ ይሰማኝ ነበር። “በቃ፣ እዚያ ላይ ተዪው” አልኩ።

ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቂት ሰማችና፣ ለእሷ ዘፋኟ አሁን ኩሽና ደጃፍ ላይ እንደሆነች ነገረችኝ። የእኔ መሃል የእሷ ቀኝ ሆኖ አረፈ። እንግዲህ ትክክለኛው መሃል የቱ ነው? ስልኩ በሚለካው ከሄድን የእሷ ነው። ይህን ስላት፣ ስልኩ ዘፈን አይሰማም አለችኝ።

ማዞሪያውን አልነካችውም። ሜትሩንም አላመጣችም። ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ግራ ጥቂት ተንፏቀቀች፣ አዳመጠች፣ እንደገና ተንፏቀቀች። ወደ ግራው ስፒከር በቀረበች መጠን የእሱ ድምፅ እየበረታላት ሄደና አንድ ቦታ ላይ መንፏቀቋን ተወች። ዓይኗን ጨፍና ጠቆመች። እኔም ጨፍኜ ጠቆምኩ። ስንገልጥ ጣቶቻችን ወደ አንድ ባዶ ቦታ ያመለክቱ ነበር።

ምንጣፉ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ይውረድ አይውረድ ገና አልተስማማንበትም። እኔ አሁን ሌላ ነገር ይዞኛል። በቀደም ዕለት የዐስር ሶላት ሲደርስ ግቢው ውስጥ ነበርን፤ አዛን ከየመስጊዱ ተራ በተራ ይነሳል። ቀድሞ የተሰማው ከየት እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ዘረጋሁ። ባለቤቴ አዛኑን እያዳመጠች እጄን ያዘችና ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ መለሰችው።