ምስጢር የማይቋጥረው ኮምፒውተር

እናትነሽ ጌሾ ትሸመጥጣለች። እንጨቱን በግራ እጇ ይዛ በቀኝ ጣቶቿ ከላይ ወደ ታች ስትስበው ቅጠሉ ሽው ብሎ ሰፌዱ ላይ ይረግፋል። ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነዋል፤ ምሬቱም ከንፈሯ ድረስ ደርሷል። ዘንድሮ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የጥር ጊዮርጊስ ማኅበር ተረኛዋ እሷ ስለሆነች ጠላው ከአሁኑ መጀመር አለበት።

እጇ ጌሾው ላይ ይሁን እንጂ ዓይኗ ከሳሎኑ ጥግ አይነቀልም። እዚያ ልጇ ሰርክአዲስ የገዛችው ኮምፒውተር፣ እናትነሽ ራሷ የሠራችለትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ሰርክአዲስ እዚሁ እንጅባራ አስተማሪ ናት። ጠዋት ወጥታ እስክትመለስ ቤቱ ውስጥ እናትነሽና ያ ዕቃ ብቻቸውን ይውላሉ።

እናትነሽ አንድ ነገር ልትጠይቀው ፈልጋ ሳምንት ሙሉ ስታመነታ ሰንብታለች።

የተወለደችው ከጥሊሊ ወዲያ ገጠር ነው። ከሰርክአዲስ ቀጥሎ ያረገዘችውን ልጅ ሦስት ቀን አምጣ ወለደችው፤ ሞቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን ተነሥታ ድንች ተሸክማ ገበያ ወረደች፤ ያን ዕለት ማህፀኗ ወጣ። ይኸው ሃያ ዓመት፣ ሲብስባት ሽንቷንም አትቋጥርም። ባሏ በሕይወት ሳለም ደፍራ አልነገረችው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ በር አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ሰው ኩራት ነው ይላል፤ ሌላው የተደበቀ ኃጢአት አለባት ይላል። እውነቱን የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ይሄ ኃጢአት አይደለም፤ በሽታ ነው። ሐኪም ይይሽ» ብለዋታል። ግን ሐኪሙ ወንድ ቢሆንስ? አፈረች።

ጌሾውን ለፀሐይ አሰጥታ እጇን ታጠበችና ዳንቴሉን ገለጠች።

ፊደል የቆጠረችው በአርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት። ማንበብ እንደቻሉ መምህሩ በመጀመሪያ ያስተማሯቸው ማመልከቻ መጻፍ ነበር። «ስምና አድራሻ የሌለው ወረቀት ለቅርጫት ነው» ይሉ ነበር። እናትነሽ ይህን አልረሳችም። ልጇ ስትሠራ አይታ በለመደችው በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ መጠየቂያው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ለሚመለከተው ክፍል። እኔ ወይዘሮ እናትነሽ ደርበው የእንጅባራ ከተማ ነዋሪ ስሆን ማህፀኔ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒት ካለ እንዲነገረኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

መልስ መጣላት። በዚህ ሕመም ብቻዋን እንዳልሆነች አነበበች፤ አንዲት ነርስ የምታስረዳበትን ቪዲዮም ከፈተች። ገና ሳትጨርሰው የግቢው በር ሲንኳኳ ደንግጣ ሁሉንም ዘጋች። ለንስሐ አባት የተነገረ እዚያው እንደሚቀር፣ ይህም እዚያው የቀረ መሰላት።

የጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ከውጭ ለበዓሉ የሚጋልቡት ፈረሶች ኮቴና ቃጭል ይሰማል። ሳሎኑ በማኅበርተኛ ተሞልቷል፤ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሷል፤ ጠላው ይዞራል። የማኅበሩ ጸሐፊ አድማሴ ዕድሜውን በቢሮ የጨረሰ ሰው ነው። የወጥ ቅባት ያልለቀቀው ጣቱን ቁልፎቹ ላይ እያሳረፈ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«ዛሬማ ያለ መዝሙር አይሆንም! ‹ለጊዮርጊስ› ብዬ ልጻፍና…»

ገና «ለ» ብሎ እንደጻፈ ከሥር ቀድሞ የተጻፈ አንድ መስመር ብቅ አለ። አድማሴ ቢሮ እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«‹ለሚመለከተው ክፍል። እኔ ወይዘሮ እናትነሽ ደርበው…› ኧረግ! እናትነሽ፣ ማመልከቻ አስገብተሻል እንዴ? መሬት ልትመሪ ነው?»

ቤቱ ሳቀ።

«‹የእንጅባራ ከተማ ነዋሪ ስሆን ማህፀኔ…›»

እዚህ ላይ ቆመ። አፍሮ የቆመ መስሏችሁ ይሆናል። መነጽሩን ከደረት ኪሱ እያወጣ ነበር። አጥልቆ፣ አንገቱን አስግጎ፣ የቀረውን በለሆሳስ ጨረሰው። ከዚያም መስመሩን ነካው፤ ስክሪኑም ስለማህፀን በሚናገሩ ቪዲዮዎች ተሞላ።

«አያ አድማሴ፣ የተሰበሰብንበትን ሰማዕት ይፍሩ እንጂ!» ብላ የእናትነሽ ጎረቤት ወይዘሮ ሸጋ ተነሥታ ዳንቴሉን ስክሪኑ ላይ ጣለችበት።

«እኔ ምን አደረግኩ? ዕቃው አመጣው፣ አነበብኩት!»

ሳቁ ሞተ። እናትነሽን ያቆሰላት ግን ሳቁ አልነበረም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት፣ ስንት ዓመት ከአንድ መሶብ አብራት የበላች ሴት፣ የነጠላዋን ጫፍ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበች። እናትነሽ አየች። ጠላ መቅጃውን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች። ሲበዛባት በአገውኛ ነው የምትራገም፤ ያን ቀን ግን መቅጃውን አስቀምጣ ነጠላዋን ተከናነበች።

ሰርክአዲስ ጓዳ ውስጥ ወጥ ስታወጣ ሁሉን ሰምታለች። ሰው እስኪበተን ቻለችው።

«እማ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«ሂጂና ዕቃሽን ጠይቂው። እሱ ይነግርሻል፤ ለአገሩ ሁሉ ነግሯል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የጻፍሽውን ሁሉ እንደሚያስቀምጥ አልነገርኩሽም።»

«የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«ገሚሱን እዚሁ ሆዱ ውስጥ። ገሚሱን ደግሞ ኩባንያዎች ይወስዱታል። ምን እንደምትፈልጊ እየተከታተሉ ዕቃ ሊሸጡልሽ።»

«ሴትዮዋ ታማለች ብለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቁስል ላይ ከሚያርፍ ዝንብ በምን ይለያሉ?» አለችና ምራቋን እንትፍ አለች። «ይሄን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ። ይቀፈኛል።»

ሰርክአዲስ አላወጣችውም። እናቷ ግን ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርግ ነበር፤ ያቺ ሴት እንዳደረገችባት። ዳንቴሉንም አንሥታ አጠበችውና ሌላ ቦታ አስቀመጠችው።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ሰርክአዲስ ጠራቻት። «እማ፣ ነይ እዪ። ብሮውዘር የሚሉት ወደ ኢንተርኔት መግቢያው ነው። የድሮው የገባ የወጣውን ሁሉ ይመዘግባል። አሁን የማወርደው ሲዘጋ እንዲረሳ ተደርጓል፤ ከኋላ የሚከታተሉሽንም ይከለክላል። በፊት ግን የድሮውን መዝገብ ልደምስሰው።»

የድሮው መዝገብ ተከፈተ። የእናትነሽ ማመልከቻ ከነስሟ አለ። ከእሱ በላይና በታች የሰርክአዲስ ራሷ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ወጣት ሴት ብቻዋን ስትሆን የምትጠይቀው ሁሉ። እናትነሽ አንዱን እንኳ ሳታነብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ደምስሺው፤ ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አዲሱን ለማውረድ እስከ ምሳ ድረስ አስጠበቃቸው። በመጨረሻ ሲከፈት እናትነሽ አላመነችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ «የአድማሴ አፍንጫ ዱባ ያህላል»። ዘጋችው። ከፈተችው። «የአድ» ብላ ጠበቀች። ምንም የለም። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ምንም። ከጊዮርጊስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ይሄም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንልሽም» አለች ሰርክአዲስ። «ኔትወርክ የሚሰጠው ክፍል ወዴት እንደገባሽ ማየት ይችላል።»

«እሱ ለማኅበር አይመጣም።»

ልጇ ወጣ ስትልላት ጥያቄዋን እንደገና ጻፈች፤ አሁን ያለ ስም፣ ያለ አድራሻ። ያን ዕለት ያቋረጠችውን እስከ መጨረሻው አነበበች። በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሴት ሐኪም ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ዘጋችውና ሰርክአዲስን ጠራች። «ባሕር ዳር ትወስጂኛለሽ?» አለቻት።

በሁዳዴ ሄደው ታከመች። ከተመለሰች በኋላ አገሩ ሊጠይቃት መጣ። አድማሴም አንድ ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። «እግዜር ይማርሽ፤ ቀላል ነው፤ ይለፍልሽ» ብሎ ከኮምፒውተሩ ጎን ያለችውን ወንበር መረጠ። ጥቂት ተጫወተና፣ «ኧረ አንድ መዝሙር ብንሰማ» ብሎ ወደ ቁልፎቹ ዞረ።

እናትነሽ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች በተከፈተው በር ታየዋለች። «ለ» ብሎ ጻፈና ቆመ። ዓይኑ ከሳጥኑ ሥር ነው። ምንም አልመጣም። አጠፋው። «እ» ብሎ ጻፈ፤ መነጽሩን አወጣ፤ ጠበቀ።

«ምን ጠፋብዎ፣ አያ አድማሴ?»

«መዝሙር ነዋ! ኮምፒውተራችሁ ድሮ ፈጣን ነበር፤ አሁንስ ዝም ብሏል።»

«አዎ። እሱ እንኳ አፍሮ ዝም አለ።»

ወይዘሮ ሸጋ ሳቋን በነጠላዋ ዋጠች። አድማሴ መነጽሩን ኪሱ ከተተና ቢሮ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ወጣ። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

እናትነሽ ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃውን ስትጸየፍ ኖራ አሁን ሰውየውን ተጸየፈች። ዕቃው እርሳ ሲሉት ረሳ። እሱን ግን ማን ይደመስስለታል? «ሰርክአዲስ፣ ቁልፎቹን በአልኮል ጥረጊልኝ» አለች። ብርቱካኑንም የበላው የለም።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ጽዱን አልፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሴቶቹ በር ገባች። ያቺ ነጠላዋን የሰበሰበችው ሴት ፊት ቆማ ነበር። ዞራ አየቻትና አንገቷን ደፋች። እናትነሽም ከጎኗ ቆመች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰው ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ቃል ስትጀምሩ ከሥር የሌላ ሰው ቃል ቢወጣባችሁ፣ እባካችሁ መነጽራችሁን አታውጡ። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ።