ሁለት ኩባያ ቦሎቄ

እህቴ ካረፈች በኋላ ጠረጴዛዋን የነካው ሰው የለም። የካ አባዶ ያለው ቤታችን ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ማንም አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ ቀይና ነጭ ቦሎቄ የተቀላቀለባቸው ሁለት ኩባያዎች አሉ።

ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው እንጦጦ ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተረፉትን ጽዶች ነበር። በግቢዎቹ መካከል ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። የአንዱ ግቢ ዘር ሌላው ጋ ካልደረሰ ምን ይሆናል? እሱን በሒሳብ ትሠራ ነበር። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። አልገባኝም ስላት በፌስታል ቀይና ነጭ ቦሎቄ ከሁለት ኩባያ ጋር አመጣች፤ አንዱን ኩባያ ቀላቅላ ሞላችው።

"ሳታይ አንድ አንሣ። ቀለሙን እይና መልሰው። ከዚያ ልጁ እንዲሆን በዚያው ቀለም አንድ ከፌስታሉ አንሥተህ ባዶው ኩባያ ውስጥ ጨምር።"

ባዶው ሲሞላ የፊተኛውን ገልብጠን ከልጆቹ የልጅ ልጅ አወጣን። እንዲህ እያልን ስንቀጥል ኩባያዬ ቀይ ብቻ ሆነ።

"ነጩስ?"

"ጠፋ። ከጎረቤት ካልመጣ አይመለስም።"

እንደገና ጀመርን። አሁን እሷም የራሷን ቅልቅል ኩባያ ይዛ በየዙሩ ከእሱ አንድ አንድ ወደ እኔ ታሻግር ነበር። ሁለቱም ቀለም ቆየ። "ብዙ አያስፈልግም" አለችኝ። "ጥቂት ይበቃል።"

ለአርባዋ አባቴ መቃብሯ አጠገብ ጽድ እንትከል አለ። ችግኙ ሁሉ በደብራችን ግቢ ያለው የትልቁ ጽድ ልጅ እንዲሆን ፈለገ። በሰፈራችን ሁሉም የሚወስደው ከእሱ ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ። አባቴ "ለእሷ ምርጡ ነው" አለ። እኔ ግን... ያ ቀይ ብቻ የቀረበት ኩባያ ታየኝ።

ችግኝ የሚያፈሉት አባ ዘንድ ሄድኩ። ግማሹ ከማዶው ደብር ይምጣ አልኳቸው።

"የእኛ ጽድ ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም፣ አባ።"

"የማዶዎቹ ማሕሌት ላይ ያንጎላጃሉ። ጽዳቸውም እንቅልፋም ቢሆንስ?"

ከሱቅ የገዛሁትን ቦሎቄ ከኪሴ አውጥቼ በእሳቸው ኩባያዎች ጨዋታውን አሳየኋቸው። ሲጫወቱ የእሳቸው ኩባያ ነጭ ብቻ ሆነ። ውስጡን ደጋግመው አዩት።

"ቀዩን ከየት እናምጣ ታዲያ?"

"ከማዶ ነው፣ አባ።"

ሳቁ። "አባትህን እኔ አናግረዋለሁ።"

አባቴ ከአባ ሰማ። ከዚያ "እሷ ናት እንዲህ ያለችው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ወደ ማዶ የሄደው እሱ ራሱ ነው፤ ችግኞቹን ታቅፎ መጣ። አቀላቅለን ተከልናቸው።

ክረምቱ ሲወጣ አንዳንዶቹ ደርቀዋል፤ ብዙዎቹ ግን ይዘዋል። ባለፈው እሑድ አባቴ ውኃ እያጠጣ "የማዶዎቹ የትኞቹ ነበሩ?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መለየት አልቻልኩም።

"እንግዲህ ሁሉንም ማጠጣት ነዋ" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።