በሙሽሪት ኮፈን ላይ የተቀመጠው ሰው

ለአንዲት ፎቶ አንድ መኪናና የአባቴን ጨዋታ ከፍያለሁ። ዕድሜዬን በንግድ ስኖር ከዚያ የተወደደ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢያመጡልኝ ግን እገዛዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያለፈው የጥር ሰርግ ነው። ሙሽሮቹ ከባሕር ዳር የተከራዩአት አሮጌ ጥቁር የጣልያን መኪና ሱቄ ፊት ለፊት ቆማ፣ ወጣቱ ሁሉ በየስልኩ ሲያነሳት፣ በአጠገቧ ሳልፍ ፀሐይ ያሞቀው የመቀመጫ ቆዳና የቤንዚን ሽታ መታኝ፤ ልቤም ወደ ደርግ ጊዜ፣ ወደ አባቴ ግቢ ሄደ።

አባቴ ደብረ ታቦር ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እንደዚያች ያለች መኪና ነበረቻቸው፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሙሽራ ስለምታመላልስ የከተማው ሰው ሙሽሪት ይላት ነበር። ጠዋት ጠዋት እያነጋገሩ ያጥቧታል፤ ከጉና በሚወርደው ብርድ አልነሳ ስትል፣ «አንቺ ደግሞ እንደ ሰው ሙሽራ ካልተለመንሽ አትነሺም» ይሏታል፣ እኛም እንስቃለን። አያሌው የሚባለው ጎረቤታችን እናቱ በታመሙ ጊዜ ጎንደር ሆስፒታል ያደረሰቻቸው እሷ ናት።

ይኸው አያሌው የቀበሌ ሊቀመንበር በሆነ ማግስት ከሁለት ጥበቃ ጋር መጣና መኪናዋ ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች አለ። እንቅልፍ የነሳኝ መውሰዱ አይደለም፤ ገበያው ሁሉ እየሰማ ሽማግሌውን አባቴን «አንተ፣ ቁልፉን አምጣ» ማለቱ ነው። በእኛ አገር የጠላት አባት እንኳ አንቱ ይባላል። አባቴ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

እኔ በዚያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ ከዘመቻ ከተመለሰ ወታደር ላይ በአቡጀዲ የለወጥኳት ካሜራ ነበረችኝ። ፊልሜን የሚያጥብልኝ ባለ ፎቶ ቤት ለደንበኛ የሚያውሰው ወርቀ ዘቦ ካባና ጭራ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነበር፤ የእኛ ሰው ፎቶ የሚነሳው እንዳለው ሳይሆን እንደሚመኘው ነዋ። ይህን አውቃለሁና ካባውን ተውሼ አያሌው ዘንድ ሄድኩ፤ ከመኪናዋ ጋር ቢነሱ ያምርብዎታል አልኩት፣ አንቱታውን በማር ለውሼ።

«በካኪ ላይ ካባ ይሆናል?» አለ፣ ዓይኑን ከወርቁ ሳይነቅል።

«ካባ የማይሆነው ለሌላው ነው፤ ለእርስዎማ ተሰፍቶ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ኮፈኗ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ካባውን ደረበ፣ ጭራውን ያዘ፣ ጥበቃው ጃንጥላ ዘረጋለት። ትናንት በስብሰባ «ባላባት ይውደም!» ሲያስብለን የዋለው ሰው፣ በካሜራዬ ዓይን ውስጥ ባላባት ሆኖ ቁጭ አለልኝ። አነሳሁት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ እጅግ ወደደውና ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ይሰቀል ብሎ አዘዘ፤ እኔ ልለምነው ያሰብኩትን።

በገበያ ቀን ከጎንደር የመጡ የበላይ ካድሬዎች በዚያ ሲያልፉ አንደኛው ቆመና ይህ ባላባት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። በስብሰባ እጅ ከማውጣት በቀር ሐሳብ ተጠይቆ የማያውቀው ገበያ፣ ያን ዕለት ሳይታዘዝ በአንድ አፍ መለሰለት። አያሌው ግለ ሂስ አድርግ ተብሎ በሕዝብ ፊት ሲቆም እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር፤ እንዲያ ያለ ጣፋጭ ስብሰባ ዳግም አልገጠመኝም። በመጨረሻ ካድሬው እጁን ዘረጋና፣ «አንተ፣ ቁልፉን አምጣ» አለው። በሁለት እጁ ሰጠ።

ቁልፉ ግን ወደ አባቴ አልመጣም። ሙሽሪት ማስረጃ ናት ተባለችና በወረታ፣ በይፋግ አድርጋ ወደ ጎንደር ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ አቧራዋ እስኪጠፋ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ኑሩ፣ ፎቶውን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለአረፋ እመልስልዎታለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ያ ሰው አንቱ ብሎ መናገሩንም፣ መኪናዋን ይመልስ እንደነበርም እስከ ዛሬ አላምንም። አባቴ ግን አምነው ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት እየወጡ ባዶው ቦታ ላይ ውሃ ይረጫሉ፤ የሚያነጋግሩት የላቸውም። ከእኔም ጋር ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ሌላ አይነጋገሩም ነበር።

አያሌው ወረደ። መኪናዋ አልተመለሰችም። አባቴ አረፉ። ከሙሽሪት የቀረችኝ ያቺ ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።