የሚኒሶታ ሐይቆችና የእትዬ አጎበር

ሸዋ ሮቢት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የአከራዬ ልጅ ዲቪ ደረሳት። የምትሄደው ሚኒሶታ ወደሚባል ግዛት ነበር። እትዬ ለጂኦግራፊ መምህር ቤት አከራይተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። አንድ ከሰዓት ማንጎው ሥር ወንበር አወጡልኝና፣ "በል እስቲ ያንን አገር ንገረኝ" አሉ። የቀረቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ታላቋን ወባ ነጥቋቸዋል።

ሚኒሶታ በሰሜን በኩል ከካናዳ ጋር እንደምትዋሰን፣ ዋና ከተማዋም ሴንት ፖል እንደሚባል ነገርኳቸው። "ቅዱስ ጳውሎስ ማለት ነው" ስላቸው አማተቡ። "እሰይ፣ ጠባቂ አላት" አሉ። ከተማው ሚሲሲፒ የሚባል ትልቅ ወንዝ ዳር መሆኑንም ጨመርኩ።

ሐይቆቹ ላይ ስደርስ ግን ራሴን ረሳሁ። ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው። የሚያዝያ ወበቅ ነበር፤ ከቀወት ሜዳ የሚነሳው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነው፣ እኔ ደግሞ ደገኛ ነኝ። እያወራሁ እግሬን ውሃ ውስጥ የነከርኩ መሰለኝ። ሰማያዊ ውሃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሃ፣ ጭጋግ የለበሰ ጥድ። አይቼው የማላውቀውን አገር እንደ ትውልድ መንደሬ ተረኩት። ልጅቱም ሥራዋን ትታ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር።

የእትዬ ፊት ግን ጠቆረ። "ይሄ ሁሉ ውሃ ተኝቶ፣ ወባውስ?"

በዚያ ብርድ ወባ እንደማይኖር ለመናገር ትንሽ ማሰብ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከሐይቄ መውጣት አልፈለግሁም። "መጽሐፉ ስለ ወባ አይልም" ብዬ ወደ ሕልሜ ተመለስኩ።

"አንተ ደገኛ ምን ታውቃለህ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አሉኝ።

ልጅቱ በሰኔ ሄደች። በጥቅምት ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ነርሷ ደም ወስዳ ወባ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ "እናቴ፣ አጎበር የለዎትም እንዴ?" አለች።

"ሚኒሶታ ነው" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ነርሷ ትኩሳቱ የሚያስቀባዥራቸው መሰላት። እኔ ግን ገባኝ። የሚተኙበትን አጎበር አውልቀው የልጃቸው ሻንጣ ውስጥ ከተውታል። አንዲት ቃል ሰስቼ ሴትዮዋን ላስገድል ነበር። በጣም አፈርኩ። የዚያኑ ዕለት የራሴን አጎበር አውርጄ አልጋቸው ላይ ሰቀልኩ፤ ሲሻላቸው እውነቱን ልነግራቸው ወሰንኩ።

ኅዳር ላይ ድነው ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ልናገር አፌን ስከፍት ልጅቱ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ከጀርባዋ መስኮቱ በበረዶ ነጥቷል።

"አጎበሩን ትዘረጊዋለሽ?" አሏት፣ ከሰላምታው አስቀድመው።

ልጅቱ ስልኳን ወደ አልጋዋ አዞረችው። የእትዬ አጎበር ከነጥቀርሻው፣ በአራቱም ማዕዘን ተወጥሮ፣ ጫፉ ፍራሹ ሥር ተሸጉጧል።

"ተመስገን" አሉ እትዬ። በዚያ አገር ወባ እንደሌለ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።