አንድ ኪኒን ለሁለት

እናቴና እትዬ የምላት ጎረቤታችን አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ ማሽን ላይ ነው ያረጁት። ጡረታ ሲወጡም ገላን ኮንዶሚኒየም ሌላ ባለዕጣ ለምነውና ተለማምጠው ቤት ተለዋወጡና በራቸው ፊት ለፊት ሆነ። በአንድ ክረምት ሁለቱም ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ እትዬ፣ "እኩል የጥጥ ብናኝ ውጠን እኩል ባይዘን ነበር የሚገርመው" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከልቧ ኖሯል።

ሁለቱም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ለእናቴ ለዓመታት በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ታዘዘላት፤ ለእትዬ ኬሞ። እትዬ አንዴ ወስዳ ፀጉሯ ረገፈ፣ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስታወከችና ሁለተኛ አልሄድም አለች። እናቴ ደግሞ ፀጉሯን አበጥራ ገበያ መውጣት አሳፈራት። አንድ ቀን የሽንኩርት ቢላው ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። ለካ ኪኒኗን እየከፈለች ግማሹን ለእትዬ ታሻግርላት ኖሯል።

ንድድ ብሎኝ ሐኪማቸው ዘንድ ሄድኩ።

"ኪኒኑ የሚከላከለው የሴት ሆርሞን በደም ሁሉም ጋ ይደርሳል" አለኝ። "የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። በጤና ጊዜ ጡት የሚያድገው በዚያ ተቀባይ ነው፤ የእናትሽም ዕጢ የሚፋፋው በዚያው ነው። ተቀባዩን እንደ ታክሲ ወንበር ቁጠሪው። ኪኒኑ ቀድሞ ይቀመጥበታል፣ ሆርሞኑ ቆሞ ይቀራል። የጎረቤታችሁን ዕጢ መርምረነዋል፣ ወንበሩ የለም። ኪኒኑ ምን ላይ ይቀመጥ? ለእናትሽም ግማሽ አይበቃትም።"

ማታውኑ ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። እትዬ ፊቷን አጠቆረች።

"ደሞዛችን አንድ፣ ሳላችን አንድ፤ ዛሬ በሽታችን ተለየ? ለእናትሽ እንዳይጎድል ብለሽ ነው። ገብቶኛል።"

ይህ ንግግር እናቴን አንገበገባት። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ስወጣ ጠብቃ ሙሉውን ትሰጣት ጀመር። ስደርስበት ኪኒኑን ቀማኋት። በየማለዳው አንዷን እያወጣሁ፣ ምላሷን እያስነሳሁ አፏን አይ ነበር። የወለደችኝን ሴት እንደ ሌባ ፈተሽኳት። እትዬን ኬሞውን እንድትጀምር ደጇ ቆሜ ለመንኳት፤ በሩን ዘጋችብኝ። ሳንባዋ ተይዞ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ብቻ እሺ አለች። ያኔ ሐኪሙ፣ "ኪኒኑን ተማምና ወደ ኬሞው ሳትመለስ ቆየች፤ አሁን ዘግይቷል" አለኝ።

የእትዬ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ልጇ አጠገብ ተቀምጠን፣ እናቴ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረች።

"ኪኒኗን ባትከለክያት ኖሮ ትንሽ ትቆይልን ነበር።"

ጎረቤቱ ሁሉ አፈጠጠብኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ወራት ሙሉ የታመቀው ንዴቴ ገነፈለ።

"ኪኒኗ ለእሷ ምንም አልነበረችም" አልኩ። "የገደላት ኬሞውን መተዋ ነው። እንዳትመለስበት ያዘናጋት ደግሞ ያንቺ ኪኒን ነው።"

ሐኪሙ ከነገረኝ ውጭ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አልቆጨኝምም።

እናቴ አላለቀሰችም። "ልጄ፣ እኔ እኮ ትድንልኝ ብዬ ነው" ብላ የእትዬን ልጅ እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሰበሰበች።