አንድ ጥሪ፣ ሁለት ጥሪ

ወንድሜ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሣ ከእናቴ ጋር የተዋዋለው ይህን ነበር፤ ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «እናንተ ደውሉልኝ»። እንዳናነሣበት ደግሞ አጥብቆ አደራ ብሏል፤ ካነሣንበት ይቆጥርበታላ። ያኔ ሞያሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል ያልነበረው ቤት አላውቅም። ዕቃው ተጫነ ለማለትም፣ ድንበር ተሻገርኩ ለማለትም ሚስኮል ይበቃን ነበር።

ከናይሮቢ ካለፈ በኋላ አምስት ወር ድምፁ ጠፋ። እናቴ እህል አልወርድ አላት። እኔ ሞያሌ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ኪዮስክ ነበረችኝ፤ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ፣ መብራት ካልደረሰባቸው ከጎዶማና ከኦዳ መንደሮች የሚመጡ ሰዎችን ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ።

አንድ ረፋድ ላይ ያ ስልክ አንድ ጊዜ ጠራና ተዘጋ።

እናቴ ብድግ አለች። «ልጄ፣ ደህና ነኝ አለ» አለችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔም ካርድ የሚገዛውን ሰው ትቼ ዘልዬ አቀፍኳት። ቁጥሩን ሳየው በሁለትና በአምስት ይጀምራል፤ የኬንያውም የኢትዮጵያውም እንደዚያው ነው የሚጀምረው፤ ሦስተኛው አሃዝ ብቻ አዲስ ሆነብኝ። እንግዲያው መንገድ ላይ ካሉት አገሮች የአንዱ ነው አልኩ። ደስታው መቀመጫ አሳጣኝ። ሥጋ ቤቱም ሞተረኛውም ሳይሰማ አልዋለም።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ይጠራል። እናቴ መብላት ጀመረች፣ መቀለድ ጀመረች። «ዛሬም ደህና ነኝ ብሎኛል» ትላለች፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ጊዜ ጠራ። ወዲያው መልሼ ደወልኩ። ተነሣ። አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታወራለች፤ ከዚያ ሙዚቃ፤ ከዚያ እንደገና ሴትዮዋ። «ጠብቁ እያለች ነው፣ ልታገናኘን ነው» አልኳት እናቴን። ተቋረጠ። ክሬዲቱ ሙጥጥ ብሏል። ካርድ ሻጭ አይደለሁ? ከመሳቢያ አውጥቼ ፋቅሁ። አሁንም ሙዚቃ። ሌላ ፋቅሁ፤ እናቴ ከጎን «በርቺ» ትለኛለች። ለሽያጭ ያመጣሁት ካርድ እኩሌታው በዚያ ቀን አለቀ። እኔ ግን ምንም አልቆጨኝም፤ ወንድሜ ከሙዚቃው ማዶ ቆሞ የሚጠብቀኝ ነበር የመሰለኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ እናቴ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ቻርጅ ላይ ከሰካኋቸው ስልኮች አንዱ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ። ቀጥሎ ያለውም አንድ ጊዜ። ከዚያ ጥግ ያለው። አራተኛው ሲጠራ ተነሥቼ አየሁት፤ የወንድሜ ቁጥር ነው። ሌሎቹን አገላበጥኩ፤ ሁሉም ላይ ያው ቁጥር። ወንድሜ የጎዶማን ፍየል ነጋዴዎች ሁሉ ከየት አውቆ ነው ደህና ነኝ የሚላቸው?

ስልኩን ሊወስድ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ቁጥሩን ሲያይ ሳቀ። «ሐዋ ኒ ዌዚ፣ እህቴ። ሌቦች ናቸው» አለኝ። «አንዴ ደውለው ይዘጋሉ። አንቺ መልሰሽ ስትደውዪ መስመሩ ክሬዲትሽን እየበላ ያቆይሻል፣ እነሱ ከዚያ ድርሻቸውን ያነሣሉ። ኡሲፒጌ፣ እንዳትደውዪ። የሚፈልግሽ ሰው እስክታነሺ ይጠራል።»

ደሜ ፈላ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካርድ የሚገዛኝን ሁሉ ሳልመክር አልለቅም ነበር፤ የማታውቁት የውጭ ቁጥር ሚስኮል ካደረገ አትመልሱ፣ ዘመዴ ነው ካላችሁም ቀድሞ በምታውቁት ቁጥሩ ደውላችሁ ጠይቁት እላለሁ። ደንበኞቹን አትደውሉ እያለ የሚለምን ካርድ ሻጭ በማንያታ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። አፌ እምቢ አለኝ። እሷ እየበላች ነው፣ እየሳቀች ነው፤ እኔ ምን ብዬ ደስታዋን ልንጠቃት?

በሦስተኛው ቀን ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ፣ እናቴ ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ አንድ ደንበኛዬን ፋቅልኝ እያለች ደረስኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቷል። ስልኩን ከእጇ መነጨቅኋት፤ እናቴን እንደዚያ አድርጌያት አላውቅም። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

«እነዚያ ሁሉ?» አለች።

«ሁሉም፣ እማዬ።»

ስልኩን ከእጄ ወስዳ መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። የዚያን ቀን ምሳዋን አልነካችም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ የማናውቀው ቁጥር ጠራ። አንድ። እናቴ በጣቷ መቁጠር ያዘች። ሁለት። ሦስት። አልተዘጋም። አራት፣ አምስት፤ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አፍጥጠን እንቆጥራለን። ስልክ እንደሚነሣ ረስተነው ነበር። ሰባት ላይ ተዘጋ።

«ሰባት ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

እኔም እኮ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። የሹፌሩ ነገር ያን ጊዜ ብልጭ አለልኝ። «እንድናነሣው ነው፣ እማዬ። ሌባ እንድታነሺው አይፈልግም» አልኩ፤ ሳልጨርስ እንደገና ጠራ፣ አነሣሁት።

«ምን ሆናችሁ ነው የማታነሡት?» ወንድሜ ነው። ራሱ፣ ከነቁጣው።

ጆሃንስበርግ ገብቷል። ሱቅ ውስጥ ሥራ ይዟል። እየዘለልኩ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ እንዳልርቅ ቀሚሴን ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል። ስልኩን ገና ታንዛኒያ ሳለ ተቀምቷል፤ ቁጥራችንን ከአንድ የሞያሌ ሰው ያገኘው ትናንት ነው። ከናይሮቢ ወዲህ አንድም ቀን ሚስኮል አላደረገም።

እናቴ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ሳቋን አቆመችና ስልኩ ውስጥ ጠየቀችው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያጽናናኝ የከረመው ማን ነው?»